ቁልፍ ከቁልፍ ሥር

ዊኒፔግ፣ የጥር ማለዳ።
የመኪናዬ መስኮት ረግፏል እንደ በረዶ፤
ላፕቶፔ የለም፣ ወንበሩ ባዶ።
ፖሊሷ ጠየቀችኝ፦ «ምን ነበረው ውስጡ?»
የአርባ ሰው ቃል ነው፣ ጥገኝነት ሽተው የመጡ፣
እኔ ያስተረጎምኩት፣ ከነጠባሳቸው።
«ብረት ብቻ» አልኳት። ሌባው ቢከፍተውም
ዲስኩ ተመስጥሯል፣ አንድ ፊደል አያወጣም።
ቁልፉ ካፖርቴ ላይ ነው፣ ከቁልፍ ሥር፤
ጥፍር የምታህል ፍላሽ፣ የሰፋኋት በጥቁር ክር።

ባለፈው ሚያዝያ ግን፣ ብርዱ ሲለዝብ፣
ካፖርቱን ለምጽዋት ከአሮጌ ልብስ ጋር ስሰበስብ፣
ሣጥኑ አፍ ላይ ደርሼ ጣቴ ክሩን ነካ።
ላብ አጠመቀኝ፤ በአንድ ክር ነበር ለካ
አርባው ሰው የተንጠለጠለ!

ከዚያ ወዲህ ሌላ ቅጂ አለ፤
ጎረቤቴ ኦሌና ዘንድ፣ በዱባ ፍሬ ጠርሙስ ውስጥ።
አንድ ቀን «ምንድን ናት?» ብላኝ አታውቅም።
የቤቴን ቁልፍ ግን
እስካሁን አልሰጠኋትም።