ከመስኮቱ ጥግ

ኮዬ ፈጬ፣ ብሎክ ሰባ ሦስት፣ አራተኛ ፎቅ፤
ሊፍቱ ገና ጉድጓድ ነው፣
ደረጃው ያለ ስልክ መብራት አይታወቅ።
ውኃ ሐሙስ ትመጣለች፣ መብራት ደስ ሲለው፤
እኔ አንዲት ሣጥን አመለጠችኝና
ሦስተኛ ሌሊቴ ነው።

ሥራው ቀላል ነበር ሲነገር፦
አንባቢ ቃል ሲመርጥ በጣቱ፣
ትንሽ ሣጥን ከቃሉ አናት ትቁም፣ ፍቺውን ትናገር።

ጃቫስክሪፕትን እጠይቃለሁ፤ «የተመረጠው የት ነው?»
አይዋሽም፣ አያቅማማም፦
ከግራ መቶ አሥራ ሁለት፣ ከላይ ሦስት መቶ አራት፣
ወርዱ ስልሳ አንድ ፒክስል ከሩብ፣ ቁመቱ ሃያ ሁለት።
ሩቧ ታስቀኛለች፤
በዚህ ሰፈር ወያላው እንኳ
የሃምሳ ሳንቲም መልስ ከረሳ ከረመ።

ምርጫው መስመር ጨርሶ ሲሰበር
አንዱ ሣጥን ሁለት ይሆናል፦
ግማሹ ከመስመሩ ጫፍ፣ ግማሹ ከታችኛው መነሻ።
ቤቱ እዚህ፣ ሥራው መርካቶ እንደሆነ ሰው፤
መሀል ያለውን መንገድ ማንም አይለካው።

ይህንንም ቻልኩት። ያቃተኝ ሌላ ነው።
ገጹን ስገፋው ቃሉ ይሄዳል፣ ሣጥኗ ትቀራለች፤
ታክሲው ካመለጣት በኋላ
እጇን እንዳነሳች ሴት፣ አየር ላይ ትቆማለች።

ኦቦ ሁንዴ የግቢያችን ዘበኛ ናቸው፤
ዱላና ፊሽካ ነው መሣሪያቸው።
ብሎኩ ሳይበቅል፣ ጤፍ ይበቅል በነበረ ጊዜ
የዚህ ማሳ ባለቤት ነበሩ።
ስልካቸውን ቻርጅ ሊያደርጉ ወጡ፤ ቁጥሮቼን አዩ።

«ከየት ነው የሚለካው?»
«ከመስኮቱ ጥግ» አልኩ።
«መስኮቱ ይሄዳል?»
«ገጹ ነው ከሥሩ የሚሄደው።»
ሳቁ።
«የእኛን መሬት የለኩትም ከመንገዱ ጥግ ጀምረው ነበር።
ሜትራቸው ልክ ነው። ቁጥራቸው ልክ ነው።
በዓመቱ መንገዱ ሰፋ፣ ጥጉ ሄደ።
ወረቀቴ ላይ ያለው ማሳ ዛሬ ቢፈለግ
አስፋልቱ መሀል ነው፤ አውቶቡስ ያልፍበታል።
ልጄ፣ መነሻውን ያልጠየቀ ልኬቱን አይመን።»

ዝም ብዬ አንዲት መስመር ጨመርኩ፤
ገጹ የተገፋውን ያህል ከላይኛው ቁጥር ደመርኩ።
ስገፋ፣ ሣጥኗ ከቃሏ ጋር ሄደች።
ስመልስ፣ ከቃሏ ጋር ተመለሰች።

ስልኩ እስኪሞላ አንድ ነገር ጠየቁኝ፦
«ምንም ሳይመረጥስ? ጣት እንዲያው ነክቶ ሲያልፍ?»
በሁለት ፊደል መካከል
ብልጭ ድርግም የምትል ጭረት አሳየኋቸው።
«ቦታ አላት» አልኩ፣ «ቁመትም አላት፤
ወርዷ ግን ዜሮ ነው።»

ብዙ ዝም አሉ። ከዚያ ወደ ጨለማው፣
በሰባ ሁለትና በሰባ ሦስት መሀል፣
ከልብስ ማስጫው ገመድ ሥር አመለከቱ።
«የውኃ ጉድጓዳችን» አሉ።

ስልኩን በዘጠና አንድ ነቅለው ወረዱ።
እኩለ ሌሊት ላይ ፊሽካው ተነፋ፣ አንድ ጊዜ፣ ረዥም፤
የት እንደቆሙ ለማወቅ
መስኮቱን መክፈት አላስፈለገኝም።