የግራ ጉልበቴ

ሐምሌ ነው፣ ቡሬ ነው፤ ጣራውን ሲደልቀው
ጋቢናዬ ውስጥም ዝናብ ነው የማውቀው።
ከውጭ ሲያባራ፣ ሰማዩ ሲጠራ፣
እኔ ዘንድ ግን ገና ይወርዳል በተራ፤
ጠብ
       ጠብ
በግራ ጉልበቴ፣ ፍሪሲዮን በምረግጥበት፣
ሱሪዬ ክረምቱን ሳይደርቅ በከረመበት።

"ውሃ እያሳሳቀ ይወስዳል" ይላሉ፤
የኔው ሳቅ አያውቅም፣ መቁጠር ነው አመሉ።

ኤንትሬ ናት እንግዲህ፣ ከኔ በዕድሜ ትልቅ፣
ሞተሯ አይታማ፣ ጉልበቷ የማያልቅ።
በርበሬ ጭኜባት፣ ዛላ በጆንያ፣
ዓባይን ወርዳለች ሳትል ወዲህ ወዲያ።
ጣራዋ ነው እንጂ።

ባትላሜራው ውዱ "መስታወቱ ነው" አለ፤
"ጎማው ደርቋል" ብሎ በቢላ ፈለፈለ፣
ማስቲሽ ቀብቶ ሄደ ገንዘቡን ተቀብሎ።
ማታ ዘነበ። ጠብ።
"በሩ ነው" አለ ሌላው። ጨርቅ ወተፍንበት።
ጠብ።
"መጥረጊያው ሥር ነው" አለ ሦስተኛው። ስቱኮ መረግንበት።
ጠብ።
መናኸሪያው ሁሉ ምክንያት ነበረው፤
እኔ የነበረኝ እርጥብ ጉልበት ነው።

እሑድ ረፋዱ ላይ ዝናብ ፋታ ሲሰጥ
ረዳቴ ይበልጣል፣ ከአፉ ቃል የማያመልጥ፣
አንድ ጀሪካን ውሃ፣ አንድ ቁራጭ ጠመኔ
ይዞ መጣና "ግባ" አለኝ ወደ እኔ።
"ባትሪውን አብራ፤ እይ፤ አትናገር።
ከታች ወደ ላይ ነው የምንጀምር።
ከላይ ከለቀቅነው ሁሉም ይረጥብና
ሌባውና ንጹሁ አንድ ይሆናልና።"
በሁለት ዓመት ውስጥ ይህን ያህል ቃል
ከሱ ሰምቼ አላውቅም።

የጣራውን ልባስ ገነጠልሁ በመፍቻ፤
ሥሩ የተገለጠው ዝገት ነበር ብቻ።

በሩን አጠጣው። ደረቅ። በጠመኔ ምልክት።
መስታወቱን ዞረው ጥግ ጥጉን፣ በትዕግሥት።
ደረቅ። (ውዱ ሆይ፣ ገንዘቤን!)
መጥረጊያው ሥር። ደረቅ።
"ተው በቃ" ልለው ስል፣ ከራሴ በስተኋላ፣
ከጣራው ጫፍ፣ ማንም ካላሰበው ሌላ፣
አንዲት ቀጭን ነገር እንደ ላብ ወጥታ
ብልጭ አለች በባትሪው፤ ከዚያ ተንሸራታ
የጣራውን አጥንት ይዛ በዝግታ
ሁለት ክንድ ተጓዘች፤ ከፊቴ ስትደርስ
ቆመች። አሰበች። ወደቀች ጉልበቴ ላይ።
ጮህኩኝ የሰፈሩ ውሻ እስኪነሣ ድረስ።

ስንት ቀን ደፈንን የወደቀበትን፣
አንዴ ሳንጠይቀው የገባበትን።

ቀዳዳዋ ክብ ናት፤ ዝገት አልበላትም፤
የሰው መሰርሰሪያ ነው፤ በራሷ አልመጣችም።
አያ ሽባባው ነው፣ የቀድሞ ጌታዋ፣
ዜና ልስማ ብሎ የበሳ ጣራዋን፣
አንቴና ሊተክል።
አንቴናው ቲሊሊ ከቅርንጫፍ ጋር ሄደ፤
ቀዳዳው ግን ቀረና ዝናብ ወለደ።

በብርጭቆ ወረቀት እስኪነጣ ፈተግን፣
በቤንዚን ወለወልን፣ ፀሐይ ጠበቅን፤
የሐምሌ ፀሐይ ብድር ናት፤ ስትሰጥ ተቀበልን።
ይበልጣል ከአሮጌ ካላማዳሪ ቆርጦ
የሳንቲም ያህል ጎማ፣ ሲልከን ለቅልቆ፣
ብሎኑን አጠበቀው፤ ከላይ በአውራ ጣቱ
አንዴ ጫን አደረገ፤ እንደ ማኅተም ነው ምልክቱ።

ሐሙስ ጅጋ ቆምኩኝ፣ ሽባባው ደጅ።
በከዘራ ወጣ፣ ግራውን እየጎተተ።
ዐሥራ ዘጠኝ ዓመት ነድቶ ያመጣው ነው፤
"ቁርጥማት" ይለዋል፤ ጠበል አልለቀቀው።
"አያ፣ ያቺ የምታፈሰው ተገኘች" ስለው
"በየት ኖሯል?" አለኝ።
"በአንቴናው ቀዳዳ።"
ዝም አለ። ጣራዋን አየ። ሳያውቀው እጁን ሰዶ
ግራ ጉልበቱን ያዘ።

ያኔ መጣ ዝናቡ። "ቤት ግባ" አለኝ፣ "ግባ፤
ኧረ ቆይ። እስቲ እኔ ልግባ።"
ደግፌ አወጣሁት። በድሮ ቦታው ላይ
እግሩን አመቻቸ፤
መሪውን አልነካም።
ጣራው ሲደለቅ ወደ ላይ አንጋጦ
ጠበቀ፣
ጠበቀ።

ምንም ጠብ አላለም።