የግራው ተረከዝ

ሰዎች ፊቷን ያውቃሉ፣ እኔ ተረከዟን፤
እነሱ ድምቀቷን፣ እኔ የእግር ጓዟን።
ባንግ ዶክሱ እባላለሁ፤ ጫማ ሰፊ ነኝ፣
ከደረጃ በታች ሦስት ሰው የማትችል ሱቅ ያለችኝ።
ከተማዬም ሶል ነው፣ የያዝኩትም ሶል፤
አንዱን ስሰፋ እውላለሁ፣ አንዱ ሲሰፋ ያድራል።

ጥር ላይ ነው የመጣች፣ ገና አሥራ አራቷ፤
«ፒዮ ኦክቡን» ብላ ጻፈች በወረቀቷ።
ያረጀ ስም ነው፣ አያት ያወጣው ይመስላል፤
ዛሬ በዚህ ስም የሚጠራ ልጅ የት ይገኛል?
ጫማውን ገለበጥኩት፤ የቀኙ ደህና፣
የግራው ተረከዝ ግን ተበልቶ አልቋልና
«ታነክሻለሽ እንዴ?» አልኳት።
«ኧረ የለም» አለች፤ ጆሮዋ ቀላ።
«አባቴ ሞክፖ ወደብ በረዶ ይሸጣል፤
ሳጥኑን በግራ ትከሻዬ ነበር የምሸከም፤
ሳጥኑ እዚያው ቀርቷል፣ መዝመሜ ግን አልቀረም።»

ከማዶ ያለው ሕንፃ፣ አራተኛው ፎቅ፣ ግድግዳው መስተዋት የሆነው፣
ሌሊቱን ሙሉ የእግር ኳኳታ እንደ በረዶ ዝናብ የሚያወርደው፣
ሠላሳ ልጅ ይገባበታል፤ ዓመት ሲዞር አሥር።
ምሳቸው አንድ ስኳር ድንች፣ ራታቸው ሚዛን ላይ መቆም።
ጫማ ሰጥተውኝ ሳይመለሱ የቀሩትን
መደርደሪያዬ ያውቃቸዋል። እኔ አልቆጥርም።

እሷ ተመለሰች። ስድስት ዓመት ሙሉ፤
አሥራ ዘጠኝ ጊዜ ሶል ቀየርኩላት፣ ክሮቼ እስኪያልቁ።

አንድ ቀን አውቶቡስ ጎን ላይ ተለጥፋ አየኋት፤
«ሉኤ» ይላል ከሥሯ። ማነው ስሟን የነጠቃት?
አፍንጫው ያው አፍንጫ፣ ፀጉሩ የብር ቀለም፤
አውቶቡሱ እስኪያልፍ ፈለግኩ፤ ኦክቡን የለችም።

ከዚያ ወዲያ እስያ በጫማዋ ሥር ተለጥፋ ትመጣልኝ ጀመር።
ከማኒላ ወርቃማ የወረቀት ብጥስጣሽ፣
ከጃካርታ ጭቃ፣ ዶፍ እየወረደባት የዘፈነች ዕለት፣
ከባንኮክ አንድ የደረቀ የጃስሚን አበባ፣ ሽታው ገና ያልለቀቀ፣
ከኦሳካ ምንም፤ ኦሳካ ንጹህ ነው፣
ከታይፔ ማስቲካ፤ ቢላዬን አንድ ሰዓት ያደከመው።
ባሕር ተሻግሬ አላውቅም።
የሃኖይ መድረክ ግን ሸካራ ነው ወይ ብትሉኝ፣
ሸካራ ነው፤ በተለይ ወደ ቀኝ ጥግ።

በኋላ እሱም ቀረ። የጣሊያን ጫማ በሳጥን እየተላከላት
ማን ያሰፋል? እኔም አልተቀየምኩ፤ ትንሽ ብቻ።
አባቷ፣ አሉ፣ ሰፊ ቤት ተገዝቶለት፣
ከሌሊቱ ዘጠኝ ሰዓት ዛሬም ወደቡ ላይ በረዶ ይሰብራል፤
«ቤቱ ይሞቀኛል» ይላል፣ ምክንያቱን ለሚጠይቁት።

በቴሌቪዥን አያታለሁ፤ እንደ ሻማ ቀጥ ብላ ስትራመድ።
ስታዲየሙ በሙሉ ስሟን ይጮኻል፣ ስሟ ያልሆነውን፤
እኔ ዓይኔን ተክዬ እጠብቃለሁ የግራውን።
አይዘምም። አቃኑላት? ወይስ አሠልጣኞቹ
ሌላ ልጅ ሠርተው ነው በእሷ ቦታ ያቆሙ?
ሚስቴ ትስቅብኛለች፦ «አንተ ሽማግሌ፣
እንዲህ ያለ ፊት እያለ ሰው እግር ያያል?»

ባለፈው ሳምንት አንድ ጎረምሳ መጣ፤
ጥቁር ጭንብል፣ ሁለት ስልክ፣ ችኮላ።
ከረጢት አስቀመጠ። «የማን ነው?» ስለው
«አይነገርም» አለኝ፤ ወረቀቱን ባዶ ተወው።
ሲወጣ በሩን ቆለፍኩ፤
መብራቱን አቀረብኩ፤ ገለበጥኩ።
የቀኙ ዛሬ ከሱቅ የወጣ ይመስላል፤
የግራው ከውጭ በኩል እስከ ምስማሩ ተበልቷል።

እዚያው በርጩማዬ ላይ ተቀምጬ ቆየሁ፣ ሬዲዮው እያወራ።
ከዚያ ብዕር ፈልጌ በባዶው ወረቀት ላይ፣
በራሴ እጅ፦ ፒዮ ኦክቡን።
ዋጋ፦ እንደ ድሮው።
ማክሰኞ ይደርሳል።