ባሕር ዛፍ፣ ባሕር ላይ

ካምባዶስ ጥቅምት ነው፤ ዝናቡ በአግድም ይመጣል፤
የሳቤላ ጀልባ ርብራቡን ታኮ ቆሟል።
ግንዱን በመዳፌ ዳብሼ «ምን እንጨት ነው?» ስላት፣
«ኤውካሊፕቶ» አለች፤ ሳቄ መጣ፤ ለምን እንደሆነ አልነገርኳት።

ባሕር ዛፍ! በእኛ ዘንድ ባሕር ሳያይ የኖረ፣
አጥር ሆኖ የዋለ፣ ጣራ ሆኖ ያደረ፤
ለካስ እዚህ ኖሯል፣ ጨው ላይ ተጋድሞ፣
ከስሙ ጋር የተገናኘው፣ ስንት ዘመን ከርሞ።

ከግንዱ ገመድ ወርዷል፤ ከገመዱ ጥቁር ዛጎል፣
ዘለላው እንደ ወይን ተንጠልጥሎ ይወዛወዛል።
በአማርኛ የራሱ ስም የለው፤ ፈልጌ አጣሁለት፤
ዛጎል ብዬው አለፍኩ፤ ምን ሊጎድልበት።

ሳብኩት፣ እምቢ አለኝ። ደግሜ ሳብኩት፤
ጓንቴ ተቀደደ እንጂ እሱን አላላቀቅኩት።
ምላስ የምትመስል አንዲት እግር አለችው፣
በእሷ ነው የሚዳስስ፣ ክሩን የሚተፋው፤
ጨው እያጠበው፣ ማዕበል እየናጠው፣
ውሃ መሃል ሆኖ፣ ውሃን እያሞኘው።

እኔ ኮላ ቤት ነበርኩ፣ አሥራ አንድ ዓመት ሙሉ፣
ችፑድ ፋብሪካ ውስጥ፣ ሰዎች ሲያስነጥሱ፣ ሲስሉ።
ያ ኮላ ውሃ ይፈራል፤ ሰው ግን አይፈራ፤
ዓይን ይልጣል ፎርማሊኑ፣ ገና ከደጁ ሲጣራ።
ለቅሶ ያልደረስኩትን፣ የዘመድ የጎረቤቱን፣
እዚያው አልቅሼ ጨረስኩ፣ የቀረብኝን እንባ ሁሉን።

ልጄ ሐመልማል ማታ ልትስመኝ ስትመጣ
አንዱ እጇ አፍንጫዋ ላይ፣
በሌላው ታቅፈኝ ነበር።
ያው ሆኖ ቀረ። አደገች፤ ፖርቶ ገባች፤
ማቀፍ ማለት ለእሷ አንድ ክንድ ነው።

ኡሺያ የምትባል ተመራማሪ ከሳንቲያጎ መጥታ
ክሩን በጠርሙስ ወሰደች፤
ከርማ ተመለሰች። የዛጎሉን ብልሃት
በአኩሪ አተር ዱቄት ለውሳ፣
ሁለት ሁለት ጣውላ አጣብቃ «ሞክረው» አለችኝ።
ድስት ጥጄ ቀቀልኩት፣ እንደ አሮጌ በሬ ሥጋ፤
ሦስት ሰዓት ሙሉ። አንደኛው ንቅንቅ አላለም።
ሁለተኛው በጫፉ ተላጠ።
ነገርኳት፤ ሳትከፋ ጻፈችው።
አሸተትኩት፤
አተር አተር ይላል። ሌላ ምንም።

ለፋሲካ ሐመልማል መጣች።
ቀኑን ጣውላ ሳጣብቅ ውዬ፣ ልብሴን እንኳ አልቀየርኩም።
ደጃፉ ላይ ቆማ፣ ቦርሳዋን ሳታወርድ፣
አንድ እጇን ዘረጋችልኝ፣ እንደ ልማዷ።
ተጠጋች። አንዴ ሳበችው፣ ትንፋሿን።
እኔም ምንም ሳልናገር
ሁለተኛውን ጠበቅሁ።