ሰባተኛው ባዶ ቦታ

ቀን ቀን ከደሴ ኮምቦልቻ እላለሁ፤
ማታ ማታ ሆጤ እንግሊዝኛ እማራለሁ፤
ናፍጣው ከጥፍሬ ሥር በቅጡ ሳይለቅ፣
ከልጄ እኩዮች ጋር ባንድ ወንበር ስጣበቅ።

መምህርት ሉባባ ጠመኔዋን ቀንጥሳ
ግማሹን ሰጠችኝ፦ «ሾፌሩ፣ ተነሣ!
ከ‹ስቶፕ› ቀጥሎ ‹ቱ› ሲመጣና ‹አይ ኤን ጂ› ሲከተል
ልዩነቱ ምንድን ነው? እስኪ ጻፍና በል።»

ስለ መቆምማ ማን እንደኔ ያውቃል?
ጢጣ ላይ እቆማለሁ፣ እጅ ያነሣ ሁሉ ይጫናል።
ሐረጎ ላይ ጉሙ ኩርባውን ሲሸፍን
ግማሹ በዱዓ ነው፣ ግማሹ በፍሬን።
ግን ጠመኔ ስይዝ እጄ ተንቀጠቀጠ፤
መሪ የለመደ ጣት ፊደል አልጨበጠ።

እሷው ጻፈችልኝ፦
«ሂ ስቶፕድ ቱ ስሞክ፤ መኪናውን አቁሞ ሊያጨስ ወረደ።
ሂ ስቶፕድ ስሞኪንግ፤ ማጨሱ ራሱ ቆመ፣ ሱሱ ከእሱ ሄደ።
‹ሪሜምበር› ሲሆንም፣ ‹ቱ› ካለ ሥራው ገና አልተሠራ፤
‹አይ ኤን ጂ› ካለ ግን አልፏል፤ ትዝታህን ነው የምታወራ።»

«ገባኝ» አልኩ። «‹ቱ› ማለት የፊት መስታወት፤
‹አይ ኤን ጂ› ስፖኪዮ፣ ያለፉትን ማየት።»
ክፍሉ በሳቅ ሞላ። ሉባባ አልሳቀችም፤
ደብተሯ ላይ ጻፈችው፣ ከየት አመጣኸው አላለችም።

ከዚያ ‹ትራይ› መጣ።

«‹ትራይድ ቱ› ማለት ታገለ ነው፤ መሳካቱ አይታወቅ።
በ‹አይ ኤን ጂ› ሲሆን ግን አደረገው፤ ምን እንደሚያመጣ ሊያውቅ።»

መጻፍ አቆምኩ።

ረዳቴ ነበረ፣ ቶፊቅ፤ በር ላይ ተንጠልጥሎ
«ኮምቦልቻ! ኮምቦልቻ! የቀረው አንድ ሰው!» ብሎ
ደሴን የሚያነቃት። ዓምና በኅዳር ወጣ፤
በኦቦክ ነው አሉ። ድምፁ ከዚያ ወዲያ አልመጣ።
አብሮት የነበረ ልጅ፣ በሰው ስልክ፣ ከሰንዓ ይሁን ከዔደን፣
አንዲት መልእክት ላከ፤ እሷው ናት የደረሰችን፦
«ባሕሩን መሻገር ሞከረ»። ነጥብ የለው፣ ሰላምታ።
እናቱ እትዬ ዘምዘም ስልኩን ለእኔ ሰጥታ
«ምን ማለት ነው?» ትለኛለች፣ ጁምዓ በመጣ ቁጥር።
በአማርኛ አንዲት ‹መ› ናት፤ ሁለቱንም አቅፋ የምትሰውር።

የቤት ሥራው ሰባተኛ ላይ ባዶ ቦታ አለ፤
መጽሐፉ ወንዝ ነው የሚል፣ ዓይኔ ግን ባሕር አለ።
ሌላውን ሁሉ ሞላሁት፤ ሰባትን ባዶውን ሰጠኋት፤
በቀይ አልሰረዘችውም። ለምን እንደሆነ አልጠየቅኳት።

ጠዋት ጢጣ ላይ ቆምኩ። ሰው ሞልቷል፣ ሞተሩ ይጮሃል፤
አዲሱ ረዳት በሩን መታ፦ «ሳብ እንጂ፣ ጋሼ! ረፍዷል።»
የፊት መስታወቱን በክንዴ ጠረግኩት፤ ጉም ነው።
ወርጄ ስፖኪዮውን ጠረግኩት፤
እሱም ጉም ነው።