አውራጅ

ማክሰኞ ማለዳ፣ የሴአራ ፀሐይ ሳትከርር ገና፣
ሐብሐብ የጫነውን ትልቁን መኪና
ከሆስፒታሉ አጥር ጥላ ሥር አቁሜ፣
ልጄን አወረድኳት በክንዴ ተሸክሜ።
አስራ አንድ ዓመቷ ነው፤ «ልቀቀኝ» ትላለች፤
መሬት ስትረግጥ ግን ጥርሷን ትነክሳለች።

ሐኪሟ ሲነግረኝ ያኔ በሰባት ዓመቷ፣
የበሽታው ስም እንኳ አልገባኝም ነበር፣ እንኳን ምንነቱ።
አሰብኩና አልኩት፦ «በሾፌር ቋንቋ ልሞክር፣ ካልተሳሳትኩ ስማኝ፤
በየሴሏ ግቢ የሚያራግፍ ሠራተኛ የለም ማለትህ መሰለኝ።
ጭነት ይገባል እንጂ የሚያወርድ የለም፤
ስቡ ይከመራል፣ ያድራል፣ ይከርማል ለዘላለም፤
ጣፊያዋ መጋዘን፣ ጉበቷ መጋዘን፣
መቅኒዋም መጋዘን።»
ዝም ብሎ አየኝ። «ልክ ነህ፤ አንድ ሰው ነው የጎደለው፣
ስሙ ኢንዛይም ነው።»

ከማን ወረሰችው? ከእኔና ከእናቷ።
እኛስ? ጃጓሪቢ ወንዝ ዳር ላም ነድቶ ከሰፈረ፣ ሳይታወቅ ዓመቱ፣
ከአንድ ሽማግሌ። ዘሩ እርስ በርስ ሲጋባ፣ ሲዋለድ፣
ስም ሲለያይ እንኳ ሳይለያይ ዘመድ፣
መሬቱን አወረሰን፣ አፍንጫውን አወረሰን፣
በኑዛዜው ያልጻፈውንም በደማችን አስቀመጠልን።
እኔ ጋ ግማሽ ዕዳ፣ ቫልዴሬዝ ጋም ግማሽ፤
አበዳሪው ዝም አለን፣ ቀኑ እስኪመሽ።
ግማሹ ከግማሹ አንድ ቀን ሲደመር
ከፋይዋ ልጄ ሆነች፣ ያልበላችውን ብድር።
ወንድሟ ኤሊዜዩ አመለጠ፤ ኳስ ይጫወታል፤
እሷ በመስኮት ስታየው ግን መሮጡን ያቆማል።

ነርሷ ዶና ኤርሲሊያ ሣጥኑን ትከፍታለች፣
ብልቃጦቹን አውጥታ ጠረጴዛ ላይ ትደረድራለች።
«ቅዝቃዜው ይውጣለት። አትነቅንቁት፣ አረፋ ያበላሸዋል» አለችን።
መድኃኒቱ ከየት እንደሚመጣ፣ እንዲህ ነው ያስረዳችን፦
ፋብሪካ ውስጥ ያድጋል፣ ከካሮት ሴሎች ላይ።
ሊዲያኒ ቀና ብላ፣ «ታዲያ ካሮት ብበላ አይበቃኝም ወይ?»
ኤርሲሊያ እንባዋ እስኪመጣ ሳቀች። «የኔ ሆድ፣ ቢበቃማ
ጉልት ተቀምጬ ካሮት እሸጥ ነበር በዚህ ከተማ!»

ሃያ ሁለት ዓመት ጉድጓድ በበዛበት መንገድ ነዳሁ፣
ማርሽ አስጨንቄ፣ ሰዓት አባርሬ፣ እንቅልፍን ሸሸሁ፤
እዚህ ግን ፍጥነት የለም። ጠብታ፣ ደግሞ ጠብታ፣
ከከረጢቱ፣ በቱቦው፣ ወደ ክንዷ፣ በእርጋታ።
ይኸው ገባ አውራጁ፣ ትከሻው የማይታይ።
ደመወዙን የብራዚል መንግሥት ይከፍላል፤ እኔ ብሆን ኖሮ
መኪናዬም፣ ቤቴም፣ አንዱ ኩላሊቴም አይበቃ ለወር ኑሮ።

አምና በነሐሴ ሣጥኑ ቀረ።
አንድ ዙር። ሁለት ዙር። ሦስተኛውም።
ሆዷ ቀሚሷን ገፋ፣ ድዷ ደማ፣
ሌሊት ሌሊት ጭኗን ይዛ ትንሰፈሰፍ ነበር፣ ድምፅ ሳታሰማ።
ቫልዴሬዝ ስልክ ይዛ ከቢሮ ቢሮ ትለምናለች፤
እኔ ማቀዝቀዣውን ከፍቼ
ለማላውቀው አፍ፣ ባሕር ለሚሻገር ሐብሐብ
ስድስት መቶ ኪሎሜትር እነዳለሁ።
ያኔ ነው በሙያዬ ያፈርኩት፦
ለልጄ አራት ብልቃጥ አንድ መኪና ጠፋ።

በሰባተኛው ሳምንት መጣ። ያመጣው ሾፌር ጎረምሳ ነው፤
ምን እንደጫነ አያውቅም።
እጁን ይዤ ቆየሁ። ምን እንደሆንኩ አልገባውም።

ሰዓቱ ሞላ። ኤርሲሊያ ፕላስተሩን ላጠች፤
ሊዲያኒ ጥጡን ተጭና «የሒሳብ ፈተና አለኝ» አለች።
መወጣጫውን ጨብጣ፣ ጥርሷን ነክሳ፣ ብቻዋን ወጣች፤
እጄ እንደተዘረጋ ቀረ።
ከዚያ በመስታወቱ ጥግ፣ አቧራው ላይ፣ በጣቷ
የአስራ አምስተኛውን ቀን ቁጥር ጻፈች።

ሌላውን አጥባለሁ። ያን ጥግ አልነካውም።