የመጨረሻው መስመር

ቂርያት ጋት፣ ሐምሌ፣ ሌሊቱ አይነፍስም፤
ሺራት ግን በረዶ ትተረጉማለች፣
አንድ የካናዳ መንደር ከነብርዱ ይዛ
ለማታውቀው ወዳጅ ታሻግራለች።
ማኒላ ላይ አንዱ፣ ክራኮቭ ላይ ሌላዋ
እንቅልፍ አጥተው ሲጠብቁ፤
«ሊቋረጥ ነው» ሲባል አብረው የጮኹ ናቸው፣
በመልክ ሳይተዋወቁ።

አባቷ ዛውዴ ከጥበቃ ገብቶ፣ ጫማውን ሳይፈታ፣
ቆሞ ያያል፦ ስም ይወርዳል፣ ስም ይወርዳል፣
ከስሞቹ ሁሉ ግርጌ፦ «በመንግሥት ድጋፍ»።
«ለተረት? መንግሥት?» ይላል።
«እኛ አገር የተናገረ ራሱ ነበር የሚከፍል።»

ዝም አለች። ከሥሩ ጻፈች ቀስ ብላ፦
«ትርጉም፦ ሺራት። በጀት፦ የለም።»

«አለ እንጂ» አለ፣ ጫማውን እየፈታ፤
«ቆጣሪው በማን ደሞዝ ነው የሚዞረው ማታ ማታ?»